መቁረጫው ጠማማ የቆረጠበት ክረምት

የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ እንደገና ታትሞ ለአባላቱ ይታደል ተብሎ ሲወሰን፣ ማተሚያ ቤት የመመላለሱ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። የእድሩ ዳኛ «እርስዎ የወረቀት ሰው ነዎት፤ አያታልሉዎትም» አሉኝ፤ ሌሎቹም ሳቅ ብለው ተስማሙ። ጉልበቴ እንደ ቀድሞው ስላልሆነ ከጀሞ ታክሲ ይዤ ሀይሌ ጋርመንት ወረድኩና ከመጋጠሚያው ወዲህ ካሉት ፎቆች በአንዱ ምድር ቤት ወደምትገኝ ትንሽ ማተሚያ ቤት ገባሁ። ባለቤቷ ሕይወት የምትባል፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት። ስታየኝ ፊቷ ልውጥ አለ።

«እማማ በላይነሽ፣ ዛሬም አልደረሰልዎትም። አፈርኩ።»

«ምን ሆነ ልጄ?»

«መቁረጫው ነው። አስተካክዬ አስገባለሁ፣ ጠሞ ይወጣል። ከላይ ያለው ያጥራል፣ ከሥር ያለው ልኩን ይዞ ይቀራል። ባለሙያ ጠርቼ ነበር፤ ከሰኞ በፊት አልመጣም አለኝ።»

ከቁልሉ አንዱን ደብተር አነሳሁና ገለጥኩት። በገጹ ዳር ያሉት ፊደላት ተላጭተዋል፤ «አባል» የሚለው ቃል «አባ» ሆኖ ቀርቷል። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ነገር ግን ያን ጊዜ አዲስ የተቆረጠው ወረቀት ሸተተኝ፤ እርጥብ እንጨትም፣ ኮላም፣ ትንሽ ብረትም የሚመስል ሽታ አለው። ወንበር ሳልጠይቅ የታሰረ ወረቀት ላይ ተቀመጥኩ። ሕይወት ያመመኝ መስሏት ውኃ አመጣችልኝ። «ምንም አልሆንኩም፤ አንድ ሰው ትዝ ብሎኝ ነው» አልኳት።

ትዝ ያሉኝ ጋሽ ደበላ ናቸው።

እኔ የሠራሁበት ማተሚያ ቤት ንፋስ ስልክ፣ ከደብረ ዘይት መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነበር። ከወሎ መጥቼ ሳሪስ አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ ስለነበር ጠዋት ጠዋት በእግሬ ነው የምሄደው፤ ዝናብ ሲሆን ብቻ አውቶቡስ እሳፈራለሁ። ማዕዘኑ ላይ ፓስቲ የምትጠብስ ሴት ነበረች፤ ትኩሱን በጋዜጣ ጠቅልላ ስትሰጥ ዘይቱ የጋዜጣውን ፊደል እጃችን ላይ ያትመው ነበር። ሻይ በአሥር ሳንቲም ይጠጣል፤ በሃያ አምስት ሳንቲም ዳቦ ጨምሮ ቁርስ ይሆናል። ከፓስቲዋ ሴት ጎን አንድ ካሴት ቤት ነበረ፤ ጠዋት በሩን ሲከፍት ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ ፍቅረኛውን በአውቶቡስ የሸኘ ሰው የሚያንጎራጉረውን ዘፈን ይለቅበታል፤ እስክንገባ ድረስ ይከተለናል። መጀመሪያ ስቀጠር ወንዶቹ ከጉልበት በታች የሰፋ ሱሪ ይለብሱ፣ ጠጉራቸውን አፍሮ ያበጥሩ ነበር፤ እኛም ጉርድ ቀሚስና ከፍ ያለ ተረከዝ እንወድ ነበር። ቆይቶ ጊዜው ሲለወጥ ሁላችንም ካኪ ለበስን። ካሴት ቤቱም ድምፁን ቀነሰ፤ በኋላ ማጉያውን ወደ ውስጥ አዞረው። መቼ እንደሆነ ጠይቃችሁኝ ዓመቱን ልነግራችሁ አልችልም። የማስታውሰው ዘፈኑን ለመስማት ወደ በሩ ጠጋ ማለት እንደጀመርን ነው።

የምሠራው ጥረዛ ክፍል ነበር። ክፍሉ ረጅም ነው፤ ጣራው ቆርቆሮ ስለሆነ ሐምሌ ሲገባ በጆሮ ካልሆነ አንነጋገርም። ሴቶቹ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመን የታተመውን እናጥፋለን፣ እንሰበስባለን፣ ጠርዙን አስተካክለን ቁልል ቁልል አድርገን ለመቁረጫው እናቀርባለን። ሰማያዊ ገዋን እንለብሳለን፤ ኮላው ክርናችን ላይ ደርቆ እንደ ቅርፊት ይሆናል። ዛሬ የምኖርበት ጀሞ ያኔ የእርሻ አገር ነበር፤ ከማተሚያ ቤቱ ግቢ ኋላ በር ላይ ቆመን ወደ ላፍቶ ስንመለከት በመስከረም የምናየው ቢጫና አረንጓዴ ብቻ ነው። አሁን በመስኮቴ የማየው የጎረቤቴን መስኮት ነው። ይህን ለማማረር አይደለም፤ ቤት በማግኘቴ አመሰግናለሁ። ግን አንዳንድ ጠዋት ታክሲዎቹ ሲጮሁ፣ ይህ ፎቅ የቆመበት መሬት የማን ማሳ ነበር እላለሁ።

ጋሽ ደበላ ላፍቶ ተወልደው ያደጉ ገበሬ ናቸው። አባታቸውም አያታቸውም እዚያው ጥቁር አፈር ላይ ጤፍና ሽንብራ ሲያመርቱ የኖሩ ናቸው። ማተሚያ ቤቱ ሲሠራ ሲሚንቶ ለማቀበል መጥተው በዚያው ቀሩ፤ ቀስ በቀስ መቁረጫው በእጃቸው ገባ። ከሥራ በፊት ማሳቸውን ያያሉ፤ እሑድ ያርሳሉ። ሸራ ጫማቸው ላይ ምንጊዜም ጭቃ አለ፤ መቁረጫው ጋ ከመቆማቸው በፊት ግን በር ላይ አውልቀው ይጠርጉታል፤ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው በገዋናቸው ሳይሆን በንጹሕ ጨርቅ ያደርቃሉ። ወረቀቱ ላይ የጣት ምልክት ታይቶባቸው አያውቅም። ኅዳር ላይ የሽንብራ እሸት በጨርቅ ቋጥረው ያመጡልናል፤ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው «ልጆች፣ ብሉ» ይሉና ወደ ማሽናቸው ይመለሳሉ። ብዙ አይናገሩም። ስብሰባ ላይ ከሁሉም ኋላ ተቀምጠው ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጣሉ። ያ ዝምታቸው በኋላ ተቆጠረባቸው።

በአንድ ክረምት ትልቅ ሥራ መጣ። ለገጠር የሚላኩ የማንበቢያ መጻሕፍት ናቸው፤ ትምህርት ሳይከፈት ይድረሱ ተባለ። ማሽኖቹ እንዳይቆሙ ታዘዘ። ፎርማናችን አቶ ክፍሌ ረጅም፣ ቀጭን፣ ክራባት የሚያስር ሰው ናቸው፤ ያኔ ክራባት ያሰረ ሰው እምብዛም አይታይም። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ማሽኖቹ ተፈትተው ይታደሱ ስለነበር አቶ ክፍሌ የተለመደውን ለማድረግ ለሠራተኛው ኮሚቴ ሊቀመንበር አመለከቱ። ሊቀመንበሩ ወጣት ነው፤ ትጉህም ነበር፤ ግን ከበላዩ ያሉትን ይፈራል። «ሥራው እስኪያልቅ ምንም ማሽን አይቆምም» አላቸው። ይህን ሁላችንም ሰምተናል፤ በስብሰባ ላይ ነው የተናገረው።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ መጻሕፍቱ ጠመሙ። መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ከመቁረጫው የወጣውን ቁልል ልጠቀልል ሳነሳ የላይኞቹ አጥረው የታችኞቹ ረዝመዋል፤ እሱም በግራ በኩል ብቻ። ገለጥኩ። የመስመሩ መጨረሻ ተበልቷል። «ጋሽ ደበላ» ብዬ አሳየኋቸው። ተቀብለው ወደ መስኮቱ ወስደው ብዙ አዩት። የሚቀጥለውን ቁልል ራሳቸው ጠርዙን መታ መታ አድርገው አስገቡ። እንደገና ጠመመ። ቢላዋውን ቀየሩ፤ አንድ ሁለት ቁልል ደህና የቆረጠ መሰለና እንደገና ያው ሆነ። ቀኑ ሲመሽ የተበላሸው መጽሐፍ በግድግዳው ልክ ተከምሮ ነበር። ወረቀት ከውጭ በመርከብ በሚመጣበት፣ ለአንድ ደስጣ ወረቀት ደጅ በሚጠናበት ጊዜ ነው ይህ የሆነው።

ሊቀመንበሩ መጥቶ ክምሩን አየ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር። አንድ መጽሐፍ አንስቶ ገጹን በአውራ ጣቱ እያገላበጠ፣ «ይህ የሕዝብ ንብረት ነው። እንዲህ ያለው ነገር ስም አለው» አለ። ስሙን ሳይጠራው ሁላችንም አወቅነው። አሻጥር ማለቱ ነው። በዚያ ዘመን ይህ ቃል የተነገረበት ሰው ጎረቤቱ ሰላምታ ያሳጥርበታል። ጋሽ ደበላ ኮፍያቸውን እንደያዙ ቆመው ነበር። «ሰኞ ጠዋት መጥቼ መልስ እፈልጋለሁ፤ ወይ ከማሽኑ ወይ ከሰው» ብሎ ወጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሌላው ሠራተኛ ሲወጣ አቶ ክፍሌ፣ ጋሽ ደበላና እኔ ቀረን። እኔን ያስቀሩኝ ወረቀቱን የማስተካክለው እኔ ስለሆንኩ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ጥፋቱ ከእኔ ቁልል ይመጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። አቶ ክፍሌ ቁልሎቼን እንደገና ሊያራግፉ ሲሉ ጋሽ ደበላ እጃቸውን ዘረጉ።

«የእሷን አትንኩት አቶ ክፍሌ። የእሷ ቁልል ቀጥ ያለ ነው። ከእሷ በኋላ ነው የሚበላሸው።»

ከዚያ አንድ በአንድ ሄድንበት። ወረቀቱ የክረምት እርጥበት ጠጥቶ እንደሆነ ብለን ከመጋዘን ደረቁን አምጥተን ቆረጥን፤ ጠመመ። ቢላዋው የሚያርፍበት ከሥር ያለው እንጨት ተፈልፍሎ እንደሆነ ብለን ገለበጥነው፤ ጠመመ። ወረቀቱ ከኋላ የሚደገፍበት ብረት ዞሮ እንደሆነ አቶ ክፍሌ በማዕዘን መለኪያ ለኩት፤ ቀጥ ያለ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። አንዱን ነገር አይተን «ይህ አይደለም» ባልን ቁጥር የጋሽ ደበላ ትከሻ ዝቅ ይል ነበር። ከማሽኑ የሚጠረጠረው እየተመናመነ ሲሄድ የሚቀረው ሰው ነው፤ ሰውየው ደግሞ እሳቸው ናቸው።

በመጨረሻ አቶ ክፍሌ ክራባታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ከተቱ። «ድሮ አንድ አርመን ባለሙያ ያሳየኝ ነገር አለ። ልሞክረው» አሉ። የማሽኑን መብራት አጠፉ። ከነጭ ወረቀት ቀጫጭን ቁራጮች በመቀስ ቆርጠው አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በመካከል፣ አንዱን በግራ፣ ጫፋቸው ወደ እኛ ወጣ እንዲል አድርገው ቁልሉ ላይ አስቀመጡ። ቢላዋው ከመውረዱ በፊት ወረቀቱን ከላይ ተጭኖ የሚይዝ ሰፊ ብረት አለ፤ መጫኛው እንለዋለን፤ በእግር ተረግጦ ነው የሚወርደው። ጋሽ ደበላ ባላቸው ጉልበት ረገጡት።

«በላይነሽ፣ ሳቢ» አሉኝ አቶ ክፍሌ።

የቀኙን ሳብኩ፤ ተቀደደ። የመካከሉን ሳብኩ፤ እሱም ጫፉ እጄ ላይ ቀረ። የግራውን ስስበው ምንም ሳይዘው ሙልጭ ብሎ ወጣ። መጫኛው በግራ በኩል ወረቀቱን አይጫነውም ማለት ነው፤ ቢላዋው ሲወርድ የላይኛውን ወረቀት እየጎተተ ያመጣዋል። አቶ ክፍሌ የጎኑን ክዳን ፈትተው እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ፤ መጫኛውን ወደ ታች የሚስበው ዘንግ ላይ ያለው ብሎን ጥርሱ ተበልቶ ላልቷል፤ በእጅ ይዞራል። ጋሽ ደበላ እግራቸውን ከመርገጫው አነሱና የተበላሹት መጻሕፍት ላይ ተቀመጡ።

«እኔ ዓይኔ ነው ብዬ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ሰሞኑን ማታ ማታ የመርፌ ቀዳዳ እያየሁ ራሴን ስፈትን ነበር። ለሚስቴ ለጫልቱም አልነገርኳት።»

አቶ ክፍሌ አጠገባቸው ሄደው ተቀመጡ፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ሆነው ዝናቡን ሰሙ።

ያን ቀን ሀይሌ ጋርመንት ላይ ሕይወትን እንዲሁ አስደረግኋት። ቀጫጭን ወረቀት ቆረጠች፣ አስቀመጠች፣ ሳበች፤ የእሷ ሦስቱም ተቀደዱ። መጫኛዋ ደህና ነበር። ከዚያ ቢላዋዋን በባትሪ ስናይ በአንድ በኩል ጫፉ ተሸርፏል፤ ሰው የብረት ስፌት ያለበት ደብተር ሳይነቅል አስቆርጧት ኖሯል። አውጥታ ለስለት ላከችው። «እንዴት አወቁ?» አለችኝ። «አላወቅሁም፤ ከቅርቡ ጀምረሽ አንዱን ከሌላው መለየት ነው» አልኳት። ታክሲ እስክይዝ ሸኘችኝ። ጀሞ እስክደርስ ድረስ ግን ልቤ ከዚያው ከሰኞው ጠዋት አልወጣም።

ሰኞ ጠዋት ሊቀመንበሩ ከሁለት የማናውቃቸው ሰዎች ጋር መጣ። አቶ ክፍሌ አስረዱ፤ ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም። አንደኛው እንግዳ «ሠራተኛ ለሠራተኛ ይሸፋፈናል» አለ። ያን ጊዜ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ ወደ ፊት ወጣ ብዬ የወረቀት ቁራጮቹን በቦታቸው አስቀመጥኩና «ጓድ ሊቀመንበር፣ እርስዎ ራስዎ ይሳቡት» አልኩ። ጋሽ ደበላ ረገጡ። ሊቀመንበሩ የቀኙን ሳበ፤ ተቀደደ። የግራውን ሳበ፤ ወጣ። ቁራጩን በሁለት ጣቱ ይዞ ቆየ።

እንግዳው ወደ አቶ ክፍሌ ዞረ። «ብሎኑ እስኪላላ ለምን ዝም አልክ?»

«ለእድሳት ይቁም ብዬ ጠይቄ ነበር።»

«ማነው አይቆምም ያለው?»

ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁሉ እናውቃለን። ሊቀመንበሩ አቶ ክፍሌን አያቸው። አቶ ክፍሌ መሬት መሬት አዩ። ቤታቸው ውስጥ አራስ ሚስት ነበረቻቸው፤ ይህንንም ሁላችንም እናውቃለን። መልስ የሰጠ የለም። ሰዎቹም ወጡ። ለጠፋው ወረቀት አንድ ሰው መጠየቅ ነበረበት፤ ብሎን አይጠየቅም። በዚያው ሳምንት ጋሽ ደበላን «ለጥቂት ጥያቄ ይፈለጋሉ» ብለው ከማሽኑ ፊት ወሰዷቸው። ገዋናቸውን አውልቀው አጥፈው መቁረጫው ላይ አስቀመጡ። እኔን ሲያልፉ «ለጫልቱ ንገሪያት፤ እንዳትደነግጥ አድርገሽ» አሉኝ።

እንዴት አድርጌ እንደምነግራት ሳስብ ላፍቶ ደረስኩ። እትዬ ጫልቱ ጊደር እያጠጣች ነበር፤ ፊቴን አይታ ባልዲውን አስቀመጠች። መናገር አላስፈለገኝም። ከዚያ በኋላ ወደ እስር ቤቱ በየተራ ስንቅ እናደርሳለን፤ እሷ አብዛኛውን ቀን፣ እኔ እሷ ከብት የሚጠብቅላት ስታጣ። ባዶ ሳህን ሲመለስ በሕይወት አሉ እንላለን። መስከረም አለፈ፣ ጥቅምት ገባ። መቁረጫው በአዲስ ብሎን ተጠግኖ ሌላ ሰው ቆሞበታል፤ ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል። ስለ ጋሽ ደበላ በግልጽ የሚያወራ አልነበረም። አቶ ክፍሌም ዝም እንዳሉ ነበሩ፤ ግን ምሳቸውን መብላት ትተው ነበር።

አንድ ጠዋት እትዬ ጫልቱ ስንቁን ይዛ እስር ቤቱ በር ላይ ቆማ ሳለች፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሱትን ጥቁር ሱፍ ልብስ ለብሰው፣ ክራባታቸውን አስረው አቶ ክፍሌ ሲመጡ አየች። ሰላምታ ሰጧት። ከዚያ ዘቡን «መናገር የምፈልገው ነገር አለ» ብለው ገቡ። ሲመሽ ነው የወጡት። ውስጥ ምን እንዳሉ እኛ የሰማነው ቆይቶ ከጋሽ ደበላ ነው፤ ማሽኑ መላላቱን፣ እንዲቆም መጠየቃቸውን፣ አይቆምም ያለው ማን እንደሆነም በስሙ ተናግረዋል። በማግስቱ ሥራ ሲገቡ ፎርማንነቱ ተነሥቶባቸው መጋዘን ወረዱ። ወረቀት ይቆጥራሉ፣ ያስረክባሉ። ስለዚያ ቀን ጠይቄያቸው አውቃለሁ፤ «ልጄን አቅፌ ሳየው የማፍር መሰለኝ» ብቻ አሉኝ።

ያም ሆኖ ጋሽ ደበላ ወዲያው አልተፈቱም። ኅዳር ላይ ጤፉ ደረሰ። እትዬ ጫልቱ ስንቅ ስታቀብለኝ «ጤፉ ሊረግፍ ነው። ወንድሙ ዘምቷል፤ ብቻዬን ምን አደርገዋለሁ?» አለችኝ። ይህን በምሳ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ነገርኳቸው። ሁሉም ምሳ ዕቃውን ከድኖ ወደ ሥራው ተመለሰ። አዘንኩባቸው። እሑድ ጠዋት ብቻዬን ወደ ላፍቶ ስወርድ ግን ከማሳው አጠገብ ባለው ወንዝ ዳር ሁለት የማተሚያ ክፍል ሰዎች ቆመው አገኘኋቸው። ትንሽ አለፍ ሲል ሁለት ሴቶች ከእኛ ክፍል። በብዛት ተሰብስቦ መሄድ ራሱ የሚያስጠይቅ ስለነበር፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው የማይተዋወቁ መስለው ነበር የመጡት። ማሳው ዳር ስደርስ አቶ ክፍሌ በቆዳ ጫማቸው ቀድመውኝ ቆመዋል።

ከመካከላችን ማጭድ ይዞ የሚያውቅ ከሦስት ሰው አይበልጥም። እትዬ ጫልቱ አያያዙን አሳየችን፤ ጎንበስ ብሎ፣ ከሥሩ ጨብጦ፣ ወደ ራስ መሳብ። ጥፍራችን ሥር የማተሚያ ቀለም ነበር፤ ከዕፍኝ ዕፍኝ ያጨድነው ጤፍ ግማሹ ከቁርጭምጭሚት፣ ግማሹ ከጉልበት ተቆርጧል። አቶ ክፍሌ ረጅም ስለሆኑ ወገባቸው አልታጠፍ ብሏቸው በጉልበታቸው ተንበርክከው ያጭዱ ነበር። እትዬ ጫልቱ ኋላችን ቆማ አየችን፤ ባሏ ከተወሰደ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ስትስቅ አየኋት። ቆይቶ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረባት። ማንም ቀና አላለም፤ ማጨዱን ቀጠልን። ፀሐይ ሳትጠልቅ ተከመረ። ስንለያይ የእያንዳንዳችንን እጅ ይዛ «ገለቶማ» አለች፤ ምስጋናዋ በአፍ መፍቻዋ ነበር።

ዛሬ ከጀሞ ወደ ላፍቶ የሚወስደው መንገድ አስፋልት ነው። ያ ማሳ የነበረበት ቦታ ሱቆች፣ ፋርማሲና የመኪና ማጠቢያ አለው። አቶ ክፍሌ ጡረታ እስኪወጡ መጋዘን ቆዩ፤ ዘመኑ ሲለወጥም ማንም መልሶ ፎርማን አላደረጋቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። ሊቀመንበሩ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ ምን እንደሆነ አላውቅም። ጋሽ ደበላ ወደ መቁረጫው ተመልሰው ብዙ ዓመት ሠሩ። ሁለቱም አሁን የሉም። እትዬ ጫልቱ ግን ልጇ ዘንድ ለቡ መብራት ኃይል ትኖራለች፤ ዓይኗ ደክሟል፤ ስሄድ በድምፄ ታውቀኛለች።

ጋሽ ደበላ የተፈቱት ታኅሣሥ ላይ ነው። ከስተው፣ ጺማቸው ነጭ ሆኖ ነበር። በማግስቱ እሑድ ስለነበር ልጠይቃቸው ሄድኩ። እትዬ ጫልቱ ከሁሉ በፊት ማሳውን ላሳይህ ብላ እጃቸውን ይዛ ወሰደቻቸው፤ ተከተልኳቸው። የአገሩ ልማድ ከአጨዳ በኋላ ከብቱን ወደ ማሳው መልቀቅ ነው፤ እሷ ግን እሳቸው ሳያዩት ከብት እንዳይገባበት አጥራ ጠብቃው ነበር። መሬት ላይ የቀረው የጤፍ ቅሪት አንዱ ጋ ዝቅ፣ አንዱ ጋ ከፍ ብሎ፣ አንዳንዱ ጋ ሳይነካ የቀረ ዘለላ ቆሞ ይታያል። ጋሽ ደበላ ማሳው ዳር ቆመው ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት።

«ማነው እንዲህ ያጨደው?» አሉ።

«የማተሚያ ቤት ሰዎች» አለች እትዬ ጫልቱ። «በላይነሽም ነበረች።»

ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። እንደገና ወደ ማሳው ዞረው፣

«አቶ ክፍሌስ?» አሉ።

«እሳቸውም። በጉልበታቸው ተንበርክከው።»

«የትኛው ነው የእሳቸው?»

እትዬ ጫልቱ በወንዙ በኩል ያለውን ጥግ አሳየቻቸው፤ ከሁሉ የተንጋደደው እሱ ነበር። ጋሽ ደበላ ሸራ ጫማቸውን አውልቀው ዳር ላይ አስቀመጡ፤ በባዶ እግራቸው ማሳውን አቋርጠው እዚያ ጥግ ደረሱና ቅሪቱ መካከል ተቀመጡ። ልከተላቸው ስል እትዬ ጫልቱ ክንዴን ያዘችኝ። «ተይው» አለችኝ። እሳቸውን እዚያው ትተን ሁለታችን ወደ ቤት ገባን።